ተከራዬ ስደተኛ ናት፤ ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል፤ የሕግ ምክር በነፃ የት እናገኛለን?

የጀሞዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ሳይሆን በግቢዬ ስለምትኖር አንዲት ወጣት እናት ነው። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን አልጠቅስም።

ቤቴ ከጀሞ ሦስት አለፍ ብሎ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። በግቢው ካሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ያከራየሁት ለአንዲት ኤርትራዊት ነው። በ2011 ዓ.ም. ድንበር ተሻግራ ማይ ዓይኒ መጠለያ ጣቢያ ተመዘገበች፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ እንደ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ባለቤቷ እሷ ነፍሰ ጡር ሳለች በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ካለፈ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። ሴት ልጇ እዚሁ ጤና ጣቢያ ተወልዳ አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። እናቲቱ እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ሱቆች ታስረክባለች፤ የቤት ኪራይ አንድም ወር አዛንፋብኝ አታውቅም።

ባለፈው ወር የኪራይ ውላችንን በአዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ወረዳ ሄደን ለማስመዝገብ ስንሰናዳ መታወቂያዋን ጠየቅኋት። ከፍራሹ ሥር ካወጣችው ፌስታል ውስጥ ሦስት ወረቀት ነበር። አንደኛው ጊዜው ካለፈ ከዓመት በላይ የሆነው የስደተኛነት ማስረጃዋ ነው። ሁለተኛው ማጠፊያው ላይ ተቀድዶ በፕላስተር የተያያዘ፣ የመዝገብ ቁጥሯን የያዘ የጣቢያ ወረቀት ነው። ሦስተኛው የልጅቷ የክትባት ካርድ ነው። ሕፃኗ መወለዷን የሚናገር ከዚህ ካርድ በቀር ሌላ ምንም የለም።

ለምን እንዳላሳደሰች ስጠይቃት አለቀሰች። አንድ ደላላ፣ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ይዛ ቢሮ ከሄደች ይዘው ድንበር እንደሚመልሷት ነግሮ አስፈራርቷታል። 60 ሺህ ብር ከሰጠችው ግን እሱ ራሱ አዲስ ወረቀት እንደሚያስጨርስላትና ለካናዳ “ፕሮሰስ” እንደሚያስገባት ቃል ገብቶላታል። 20 ሺው ተከፍሏል። ያንን ገንዘብ በስንት ምጣድ እንጀራ እንዳጠራቀመችው ሳስበው ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ።

ከስድስት ወር በፊት ደግሞ የ19 ዓመት ታናሽ ወንድሟ መጣ። እሱ እስከ ዛሬ የትም አልተመዘገበም፤ ፖሊስ ይይዘኛል ብሎ በቀን ከግቢ አይወጣም።

እንግዲህ የምታውቁ ብትነግሩኝ፣ እነዚህ ልጆች ለማን ነው የሚያመለክቱት? ገንዘብ ሳይጠየቁ የሕግ ምክር የሚያገኙበት ቦታ አለ ወይ? ሕፃኗስ በምን ትመዘገባለች? እኔ ቤቴ በማስጠጋቴ የምጠየቅበት ነገር ካለም በግልጽ ንገሩኝ። እነርሱን ከማስወጣት ግን ሌላ መንገድ እመርጣለሁ።

ፉሪ ያለ አከራይ፦

እህቴ፣ ልብዎ ቅን መሆኑ ከጽሑፍዎ ያስታውቃል። ነገር ግን ሕጋዊ ሰነድ የሌለውን ሰው ማስጠለል ጣጣ እንደሚያመጣ ልብ ይበሉ። እኔ በሰፈሬ አንድ ጎረቤት በእንዲህ ዓይነት ነገር ለብዙ ቀን ሲመላለስ አይቻለሁ። ቢያንስ የወንድሟ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ሌላ ቦታ እንዲያርፍ ቢያደርጉ ለእርስዎም ለእርሱም ይሻላል ባይ ነኝ።

ለቡ ያለሁ ጠበቃ፦

ክብርት እህቴ፣ ጥያቄዎ በርካታ ነገር ስለያዘ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር ላንሣ፤ ምክንያቱም የሚያንኳኩትን በር የሚወስነው እሱ ነው። በአማርኛችን አገሩን ጥሎ የወጣውን ሁሉ ስደተኛ እንላለን፤ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደችውንም፣ ከጦርነት የሸሸውንም። በሕግ ግን ለየቅል ናቸው። ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ጥቃት ይደርስብኛል የሚል በቂ ፍርሃት ያለው ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ደግሞ በውጭ ወረራ ወይም ሰላምን ክፉኛ ባናጋ ሁከት የተነሣ የሸሸውን ጭምር ይጨምራል። ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ይህንኑ ከለላ ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለሥራ ወይም ለተሻለ ኑሮ የሚሄደው ፍልሰተኛ ሲሆን፣ ከዐረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን ደግሞ ከስደት ተመላሾች ናቸው። በእርስዎ ግቢ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ እህት አስቀድማ ዕውቅና ያገኘች ስደተኛ ስትሆን ወንድም ገና ጥገኝነት የሚጠይቅ ነው። የሁለቱ ጉዳይ ከአንድ ማመልከቻ ላይ መጻፍ የለበትም።

በአገራችን ይህን የሚገዛው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው፤ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 409/1996 ተክቷል። የሚያስፈጽመውና ስደተኛ ነህ ወይም አይደለህም ብሎ የሚወስነው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሥራውን ይደግፋል፣ ይከታተላልም፤ የመንግሥቱን ውሳኔ ግን አይተካም። ብዙ ሰው የኮሚሽኑ በር ላይ ብቻ ቆሞ ወራት የሚያጠፋው ይህን ሳይለይ ነው።

እህቲቱን በተመለከተ፣ ደላላው የነገራት ሐሰት ነው። የእርስዎ መታወቂያ ጊዜው ቢያልፍ ኢትዮጵያዊነትዎ አብሮ እንደማያልፍ ሁሉ፣ የእሷም ማስረጃ ጊዜው በማለፉ ስደተኛነቷ አልቀረም። ስደተኛነት የሚቀረው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶችና ራሱን በቻለ ውሳኔ እንጂ በካርድ ላይ በታተመ ቀን አይደለም። ማንንም ሰው ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስ በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 የተከለከለ ነው፤ የእኛም አዋጅ ይህንኑ ይከለክላል። ስለዚህ ያንን በፕላስተር የተያያዘ ወረቀት እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው። የመዝገብ ቁጥሩ እስካለ ድረስ ፋይሏ ይገኛል። ዛሬውኑ ፎቶ ታንሣውና በስልኳም በእርስዎ ስልክም ይቀመጥ።

ወንድሟን በተመለከተ፣ አዋጁ ወደ አገር ከገቡ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማመልከትን ይጠይቃል፤ እሱ ዘግይቷል። መዘግየቱ ግን ጥያቄውን ላለመስማት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ለምን እንደዘገየ በእውነት ያስረዳ። ምዝገባ በአንዳንድ ጊዜ ሊዘገይ ወይም ለጊዜው ሊቆም ስለሚችል “ሌላ ቀን ና” መባልን ብቻ ይዞ አይመለስ፤ ማመልከቻውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በሁለት ቅጂ ያቅርብ፣ ቀሪው ላይም የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም ይለምን። ያቺ ቀሪ ወረቀት ነገ ፖሊስ ቢይዘው ከለላ ለመጠየቁ ማስረጃ ትሆነዋለች። በቃለ መጠይቁ ጊዜ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ትግርኛ እየቀናው በአማርኛ እታገላለሁ አይበል።

ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚው አካል፣ ቀጥሎም ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያመራ መንገድ አለ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔው ከደረሰው ጊዜ አንሥቶ ስለሆነ፣ ወረቀቱ በእጁ በገባበት ዕለት የሕግ ባለሙያ ዘንድ መሄድ አለበት። እኔ ካየኋቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የተጎዱት መብት አጥተው ሳይሆን ቀን አሳልፈው ነው።

አሁን ወደ ነፃ የሕግ ምክር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ ስድስት ኪሎ ሄደው ቢጠይቁ ለመኖሪያዎ የሚቀርበውን ይነግርዎታል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይመክራል፣ ማመልከቻም ይጽፋል፤ ለእህቲቱ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ፈቃድ ያለን ጠበቆችም በየዓመቱ የተወሰነ ሰዓት በነፃ የማገልገል ግዴታ አለብን፤ ስለዚህ ጠበቃን “በነፃ ትይዝልኛለህ ወይ” ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም። አንድ ነገር ግን ይለዩ፤ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጠበቃ አይደለም። ጠበቃ ነኝ የሚልዎትን ሁሉ ፈቃዱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ አይቀየምም።

አንድ ቢሮ ሳይመልስላችሁ ቢያጉላላችሁ፣ አስተዳደራዊ በደልን የሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። መብት ተጥሶ እንደሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የስደተኞችንና የፍልሰተኞችን ጉዳይ የሚከታተል የሥራ ክፍል አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ ዜግነት አይጠየቅም፣ ክፍያም የለም።

ወንድሜ ፉሪ ያሉት፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ሆኖም ዕውቅና ላላት ስደተኛ ቤት ማከራየት ወንጀል አይደለም። ልጁንም ወደማያውቀው ቦታ ማሸሽ ጉዳዩን ያባብሰዋል፤ በአንድ አድራሻ ተቀምጦ፣ አድራሻውን በማመልከቻው ላይ ጽፎ የቀረበ ሰው ከተደበቀ ሰው ይልቅ ይታመናል። ለቤቱ ባለቤትም ጥበቃ የሚሆናት ማመልከቻው ቶሎ መግባቱ ነው።

ከማይ ዓይኒ የመጣሁ፦

ለእናታችን ሰላምታዬ ይድረስ። እኔም ስደተኛ ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት እዚሁ ነው፣ ስሕተት ካለብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጠበቃው የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት ቤት ውስጥ መሠራት ያለበትን ነው። ደላሎች ወረቀት ብቻ አይደለም የሚሸጡት፣ “ኬዝ” ይሸጣሉ። ለወንድማችን “እንዲህ በል፣ እስር ቤት ነበርኩ በል፣ ጴንጤ ነኝ በል” የሚለው ሰው መምጣቱ አይቀርም። እባካችሁ እንዳይሰማው። እኔ ጋር የነበረ አንድ ልጅ የእውነት ታስሮ የወጣ ሆኖ ሳለ የሌላ ሰው ታሪክ ገዝቶ ነገረ፤ ጠያቂዋ የእስር ቤቱን በር በየት በኩል እንደሆነ ስትጠይቀው መመለስ አቃተው። የራሱን እስር ቤት ብትጠይቀው ኖሮ በስንተኛው ደረጃ ላይ እግሩ እንደሚደናቀፍ ይነግራት ነበር።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። እኛ አገር የምንቆጥረው በፈረንጆቹ ዘመን ነው፤ እዚህ የሚጻፈው በኢትዮጵያ ዘመን ነው። የእኔ አንደኛው ወረቀት 1993 ተወለደ ይላል፣ ሌላው 1986 ይላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ግን ለማያውቅ ሰው እኔ የሰባት ዓመት ውሸታም ነኝ። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ “በሁለት ሰዓት ድንበር ተሻገርን” ሲል የማታ ይሁን የሌሊት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተናገረ ይጋጭበታል። ስለዚህ ከእህቱ ጋር ቁጭ ብለው ከቤት የወጣበትን፣ የተሻገረበትን፣ አዲስ አበባ የገባበትን ቀን በሁለቱም ዘመን ይጻፉት። ቀኑን የማያስታውሰው ካለ “ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ ማሽላው ገና አልተዘራም ነበር” ብሎ ይናገር እንጂ ቀን አይፍጠር። ስሙም ከአያቱ ጋር በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ።

ለእህቴ ደግሞ ስለ ካናዳ። እኔም በዚያ መንገድ 35 ሺህ ብር ከስሬያለሁ፤ ሰውየው አሁን ስልኩን አያነሣም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚደረገው ሰፈራ በማመልከቻ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የከፋውን ሰው የሚለየውና የሚያቀርበው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑ ነው፤ በዓለም ካለው ስደተኛ ዕድሉን የሚያገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሌላው በካናዳ የሚኖሩ ሰዎች ወይም ድርጅቶች እዚያው ሆነው ዋስ የሚሆኑበት መንገድ ነው፤ ከሰዎች ቡድን የሚቀርበውን አዲስ ማመልከቻ መቀበል ግን በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። እሱም ቢሆን ቅጹ ከካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፣ ለስደተኛ ጉዳይ ማየት ክፍያ አይጠየቅም፤ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምንም ሊያፋጥን አይችልም። እዚያ የሚያውቃት ዘመድ ካላት ራሱ ያነጋግራት።

ለቡ ያለሁ ጠበቃ፦

ወንድሜ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ የጻፉትን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ለባልደረቦቼም እነግራቸዋለሁ።

ስለ ተከፈለው ገንዘብ ልጨምር። በሐሰት ቃል አሳምኖ ገንዘብ መቀበል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ነው። ልጅቷ የተታለለችው እንጂ አጥፊዋ አይደለችም፤ ስደተኛ መሆኗም ክስ ከማቅረብ አይከለክላትም። ገንዘቡን የላከችው በቴሌብር ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱን አታጥፋው፤ የደላላውን የድምፅና የጽሑፍ መልእክት ሁሉ ታስቀምጥ። መጀመሪያ ግን ወረቀቷ ይስተካከል፤ ክሱ ቀጥሎ ቢመጣ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ።

ልጁ ከማመልከቱ በፊት ፖሊስ ቢያስቆመውስ ለሚለው ስጋት፦ አይሩጥ፣ አይዋሽ፣ ሐሰተኛ መታወቂያም አያሳይ፤ ጥገኝነት መጠየቅ እንደሚፈልግ ይናገር። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ቢከሰስም በማይገባው ቋንቋ እንዳይዳኝ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በአንቀጽ 20 ላይ አለ። የዜጎች ብቻ ሳይሆን የተያዘ ሰው ሁሉ መብት ነው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፦

እኅታለም፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በጤና ጣቢያ ስሠራ ግን ብዙ የስደተኛ እናቶች አዋልጃለሁ። ያቺ የክትባት ካርድ ቀላል ነገር አይደለችም። ልጅቷ የተወለደችበት ጤና ጣቢያ የወሊድ መዝገብ ስላለው፣ እናቲቱ ካርዱን ይዛ ብትሄድ የልደት ማሳወቂያ ትጠይቃለች። ስደተኞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ማግኘት የጀመሩት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 የተሻሻለው ለዚሁ ነበር። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ያለፈበትም ቢሆን ግን በሩ አይዘጋበትም። ለወረዳችን ሳይሆን ለስደተኞቹ አገልግሎት ነው የሚያመለክቱት፤ ከወረቀቷ እድሳት ጋር አብራ ትጠይቀው። ይህ የምስክር ወረቀት የኢትዮጵያ ዜግነት አይሰጥም፤ ነገር ግን ሕፃኗ የማን ልጅ እንደሆነችና መቼ እንደተወለደች ይመሰክራል። አንድ ቀን አባቷ ቢገኝ፣ ወይም ቤተሰቡ በሌላ አገር ይገናኝ ቢባል፣ ቀድሞ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ትምህርት ቤት ለማስገባት ግን እሱን አትጠብቁ፤ የስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደ አገሬው ልጅ የመማር መብት አለው።

ስለ አባቷ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ጋር ስለሚሠራ በሱዳንም በሊቢያም በአውሮፓም ይጠይቃል። ይዛ የምትቀርበው ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ቀንና ቦታ፣ ካላትም ፎቶውን ነው። የሰጠችው መረጃ ለአገሩ መንግሥት ይተላለፋል ብላ ከፈራች ፍርሃቷን ለባለሙያው ትንገረው፤ እንዲህ ያለው ፍርሃት ለእነርሱ አዲስ አይደለም።

እናትዬዋን ራሷንም አትርሷት። አራት ዓመት ባሏን እየጠበቀች፣ ልጅ እያሳደገች፣ ወንድሟን ደብቃ የምትጋግር ሴት ስትስቅ ብታዩአትም ደህና ናት ማለት አይደለም። ጀስዊት የስደተኞች አገልግሎት በከተማው ለሚኖሩ ስደተኞች የማኅበረሰብ ማዕከል አለው፤ የሥነ ልቦና ምክርና የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽንም የከተማ ስደተኞችን ሲረዳ የኖረ ነው። ለወንድምየውም ቢሆን ከአራት ግድግዳ ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ራሱ ሕክምና ነው።

ፉሪ ያለ አከራይ፦

ጠበቃው ለሰጡኝ ማስተካከያ አመሰግናለሁ። የጻፍኩት በክፋት ሳይሆን ከማላውቀው ነገር ፍርሃት ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የቤት ኪራይ ውሉን ወረዳ ለማስመዝገብ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ተቀባይነት ካጣ አከራይዋ ምን ታድርግ? እኔም ሱዳናውያን ተከራዮች ስላሉኝ ይጠቅመኛል።

ለቡ ያለሁ ጠበቃ፦

ውሉን በጽሑፍ አድርገው ያዘጋጁት፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚጠይቀው በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ ውል ነው። ወረቀቱ ባለመታደሱ ካልተቀበሏችሁ፣ የእድሳት ማመልከቻውን ቀሪ ቅጂ አያይዛችሁ ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቁና የደብዳቤውን ቅጂ ያዙ። አከራዩ ግዴታውን ለመወጣት መሞከሩን የሚያሳይ ጽሑፍ በእጁ ካለ አቋሙ ጥሩ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ስደተኞችም በስደተኞቹ አገልግሎት በኩል የፋይዳ መታወቂያ እየወሰዱ ነው፤ ተከራዮችዎ ካልወሰዱ ይጠይቁ፤ ለባንክ ሒሳብም ለስልክ ቁጥርም ይረዳቸዋል። አንድ ማሳሰቢያ ላክል፤ የሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ያሉ እንደ ፉሪ ያሉ አካባቢዎች አሠራራቸው ከአዲስ አበባ ወረዳዎች ሊለይ ስለሚችል እዚያው ጽሕፈት ቤት ቢያረጋግጡ ይሻላል።

የጀሞዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እያንዳንዱን መልስ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። የደረስንበትን ላሳውቃችሁ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄደን የወሊድ መዝገቡ ተገኘ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ገጹን ገልጣ የልጅቷን ኪሎ፣ 2.9፣ ስታነብላት እናቲቱ ጣቷን ከመስመሩ ላይ ማንሣት አቃታት። ማሳወቂያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ተብለናል። ማክሰኞ የእድሳት ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አስገባን፤ ማንም ሊይዛት አልሞከረም፤ ፋይሏ በቁጥሩ ተገኝቶ ቀጠሮ ተሰጣት። ቀሪው ቅጂ ማኅተም አለበት፣ አሁን ከእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው ያለው። ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አላነሣችውም፤ የቴሌብሩን መልእክት ግን ለእኔም ልካልኛለች።

ወንድምየው ትናንት ማታ በእኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ታሪኩን በትግርኛ ጻፈ። ቀኑን በሁለት ዐምድ፣ በእኛና በእነርሱ ዘመን አሰፈረው፤ ሦስት ቦታ ላይ “ቀኑን አላስታውስም” ብሎ ጽፏል። ሐሙስ ጠዋት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ሊያየን ቀጥሮናል፤ ማመልከቻውን እነርሱ በአማርኛ ያዘጋጁታል። ችግሩ የእኔ ትግርኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ የእሱም አማርኛ እንደዚያው ነው፤ እህቱ ደግሞ በዚያው ቀን እንጀራዋን ማስረከብ አለባት። ከዚህ አካባቢ አብሮን ሊሄድ የሚችል ትግርኛ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?

ከማይ ዓይኒ የመጣሁ፦

እናቴ፣ እኔ እመጣለሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚወስደው ታክሲ መያዣ ጋ እጠብቃችኋለሁ። የጻፈውን ወረቀት ዋናውን ቤት ተዉት፣ ፎቶ ኮፒውን ያዙ።